በዊፕ ሞዴል ሲናሪዮ መቀያየርና ውጤቱን ጎን ለጎን ማየት፦ ከጣና ተፋሰስ ምሳሌ ጋር

የጣና ውሃ ጠያቂው ብዙ ነው። ከሐይቁ በስተምዕራብ በዋሻ ተጠልፎ ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። በባሕር ዳር በኩል በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ የሚለቀቀው ደግሞ ዓባይ ሆኖ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያመራል። ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ግልገል ዓባይን፣ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ገና ሐይቁ ሳይደርሱ መስኖ ይጠብቃቸዋል። «መስኖው ቢሰፋ፣ ዝናቡም ቢቀንስ፣ የማን ውሃ ይጎድላል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚገኘው የእያንዳንዱን «ቢሆንስ» ውጤት ለየብቻ አስልቶ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። ሲናሪዮ የሚባለውም ይኸው ነው።

ዊፕ የውሃ ክፍፍልን ለማቀድ የሚያገለግል ሶፍትዌር ሲሆን፣ የስቶክሆልም ኢንቫይሮንመንት ኢንስቲትዩት ከ1988 ጀምሮ ሲያዳብረው ቆይቷል። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ የአራል ባሕር ጥናት ነበር። እኛ ዘንድም በጣና፣ በዓባይና በአዋሽ ተፋሰሶች ላይ ብዙ የምርምርና የመመረቂያ ጥናት ተሠርቶበታል። በታዳጊ አገሮች ላሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ፈቃዱ በነጻ ይሰጣል። ፈቃዱ ገና ካልደረሳችሁ በሙከራ ሁኔታ መለማመድ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሁኔታ የሠራችሁትን ማስቀመጥ አይቻልም።

የማየው ችግር አብዛኛው ሥልጠና ወንዝ በመሣልና ግድብ በማስቀመጥ አልቆ ሲናሪዮ ለመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት መተረፉ ነው። ውሳኔ ሰጪው የሚያየው ግን የሲናሪዮዎቹን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ አሣሣሉ አልጽፍም፤ የተፋሰሱ ሥዕልና የመነሻው ዓመት መረጃ ገብቶ አልቋል ብዬ እጀምራለሁ። በምሳሌው የምጠቀምባቸው የፍሰት ማባዣዎች፣ የእርሻ ስፋት ዕድገቶችና የሥራ መጀመሪያ ዓመታት ለልምምድ የተመረጡ ናቸው፤ ከዕቅድ ሰነድ የተወሰዱ አይደሉም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሶፍትዌሩ ወራት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያሉት የፈረንጅ ወራት ናቸው። ከወረዳ ወይም ከመስኖ ጽሕፈት ቤት የምታገኙት መረጃ በእኛ ወር የተደመረ ከሆነ ዝም ብላችሁ አታስገቡት። የእኛ መስከረም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ይከፈላል፤ የወር ድምሩን ወስዶ ስሙን ብቻ መቀየር የክረምቱን ጫፍ ከቦታው ያንሸራትተዋል። ዕለታዊውን መዝገብ ፈልጉና እንደገና በፈረንጅ ወር ደምሩት።

የሲናሪዮዎች ዛፍ

በዊፕ ሁሉም ነገር የሚነሣው «ከረንት አካውንትስ» ከሚባለው የመነሻ ዓመት መዝገብ ነው። እርሱ ሲናሪዮ አይደለም። በምሳሌያችን 2015ን መነሻ አድርገናል እንበል። በዚያ ዓመት የነበረው የእርሻ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የግድብ ይዞታ በሙሉ እዚያ ይገባል። ከእርሱ ሥር «ሬፈረንስ» የተባለው ሲናሪዮ ይመጣል፤ አዲስ ፖሊሲ ሳይኖር ነገሩ በያዘው መንገድ ቢቀጥል ምን ይሆናል የሚለውን ይይዛል። ሌሎቹ ሲናሪዮዎች የሬፈረንስ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ናቸው።

ልጅ ሲናሪዮ ሲፈጠር የወላጁን መረጃ በሙሉ ይወርሳል። እናንተ የምትጽፉት የሚለየውን ብቻ ነው። የሕዝብ ዕድገቱን በሬፈረንስ ላይ ካስተካከላችሁ፣ ይህንኑ ቁጥር በራሱ ካልለወጠው በቀር፣ ልጁም አብሮ ይስተካከላል። ይህን ያልተረዳ ሰው በየሲናሪዮው ሁሉንም ቁጥር ደግሞ ይጽፋል። ያኔ ውርሱ ይቋረጣል፤ ከወር በኋላ የመነሻ ስሕተት ሲታረም አንዱ ሲናሪዮ ታርሞ ሌላው በአሮጌው ቁጥር ይቀራል፤ በግራፉ ላይ የሚታየው ልዩነት ከፖሊሲው ይምጣ ከዕርማቱ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ያልተለወጠ ነገር በልጅ ሲናሪዮ ውስጥ ፈጽሞ አትጻፉ።

ለጣና የምመርጠው ዛፍ ይህ ነው። ከሬፈረንስ ሥር ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዱ «መስኖ»፣ ሌላው «ደረቅ»። ከ«መስኖ» ሥር ደግሞ «መስኖና ደረቅ» የሚባል የልጅ ልጅ አለ። «ደረቅ» የተለወጠው ፍሰቱ ብቻ ነው፤ «መስኖ» የተለወጠው እርሻው ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይይዛል። በዚህ አደራደር የእያንዳንዱን ድርሻ ለየብቻ መቁጠር ይቻላል። በቀጥታ «መስኖና ደረቅ»ን ብቻ ሠርቶ ከሬፈረንስ ጋር ያወዳደረ ሰው እጥረቱን ያየዋል፤ ያመጣው እርሻው ይሁን ዝናቡ ግን ሊናገር አይችልም።

ሲናሪዮውን መፍጠር

መጀመሪያ ከ«ጄኔራል» ሜኑ ውስጥ የዓመታትና የጊዜ ክፍፍል ቅንብሩን ክፈቱ። መነሻውን 2015፣ የሲናሪዮዎቹን የመጨረሻ ዓመት 2040 አድርጉ።

ቀጥሎ ከ«ኤሪያ» ሜኑ «ማኔጅ ሲናሪዮስ»ን ምረጡ። በግራ በኩል ዛፉ ይታያል። ሬፈረንስ ላይ ጫኑና የመጨመሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ስም ይጠይቃችኋል። ከመጫናችሁ በፊት የትኛው ወላጅ እንደተመረጠ ተመልከቱ። «መስኖና ደረቅ»ን ስትፈጥሩ ሬፈረንስ ላይ ቆማችሁ ከሆነ የ«መስኖ»ን ለውጥ አይወርስም። ወላጁን ሳትወስኑ ጨምራችሁት ቢሆን እንኳ በዚያው መስኮት ሲናሪዮው በማን ላይ እንደተመሠረተ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፍታችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ አጥፍቶ መጀመር አያስፈልግም።

በመስኮቱ ውስጥ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶ አትተዉት። «ፍሰት በ0.8 ተባዝቷል፤ ሌላው እንደ ሬፈረንስ» ብሎ መጻፍ ሩብ ደቂቃ አይፈጅም። ሞዴሉን ከእናንተ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው የሚያነበው እርሱን ነው። ስም ስታወጡም «አዲስ 2» ወይም «የመጨረሻ» ከማለት የተለወጠውን ነገር ራሱን ስም አድርጉት፤ ይኸው ስም ነገ በግራፉ መግለጫ ላይ ይወጣል።

በመረጃ ገጹ ላይ መቀያየር

በግራ ጠርዝ ካሉት ምልክቶች የመረጃ ገጹን፣ ማለትም «ዳታ»ን ክፈቱ። ከላይ አሁን ያላችሁበትን የሚያሳይ ወደታች የሚዘረጋ ዝርዝር አለ፤ ከረንት አካውንትስና ሲናሪዮዎቹ ሁሉ እዚያ ተደርድረዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ማለት ከዚያ ዝርዝር መምረጥ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ጣጣው ያለው የት እንዳሉ መርሳት ላይ ነው። ገጹ ከላይ እስከ ታች ተመሳሳይ ስለሆነ በ«ደረቅ» ላይ ቆማችሁ የ«መስኖ»ን ሄክታር ብትጽፉ የሚያስጠነቅቃችሁ የለም። ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ዓይናችሁን ወደዚያ ዝርዝር መላክን ልማድ አድርጉት።

የሚረዳችሁ የፊደሉ ቀለም ነው። በአንድ ሲናሪዮ ውስጥ ሆናችሁ ስታዩ የተወረሰው ቀመር በጥቁር ይታያል፤ እዚያው ሲናሪዮ ላይ የተጻፈው በሌላ ቀለም። በ«ደረቅ» ውስጥ ከፍሰቱ ጋር የማይገናኝ ቦታ ላይ ቀለም ያለው ቀመር ካገኛችሁ አንድ ሰው በስሕተት ጽፎበታል ማለት ነው። ከገጹ በታች ያለው ትንሽ ግራፍ ደግሞ የጻፋችሁት ቀመር በዓመታት ውስጥ ምን ቅርጽ እንደሚሰጥ ወዲያው ያሳያል። ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት መስመር ተኝቶ ካያችሁት ስሌት ሳትጀምሩ አርሙት።

አሁን የምሳሌያችንን ለውጦች እናስገባ። የምመክረው መንገድ በ«ኪይ አሳምሽንስ» በኩል ማለፍ ነው፤ ሞዴሉ በሙሉ የሚጋራቸው ዋና ግምቶች የሚቀመጡበት ቅርንጫፍ ነው። ወደ ከረንት አካውንትስ ተመለሱ፤ አዲስ ግምት የሚፈጠረው እዚያ ነው። በቅርንጫፉ ላይ በማውዙ የቀኝ ቁልፍ ጫኑና «የፍሰት ማባዣ» የሚል ጨምሩ፤ ዋጋው 1 ይሁን። ከዚያ ወደ ሬፈረንስ ተሻገሩና የግልገል ዓባይ፣ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ የመነሻ ፍሰት (ከወንዙ ራስ የሚገባውን ውሃ) ከፋይል የሚያነበውን ቀመር በዚህ ማባዣ አባዙት። በሬፈረንስ ማባዣው 1 ስለሆነ ምንም አይለወጥም። በመጨረሻ ወደ «ደረቅ» ሂዱና ማባዣውን ብቻ 0.8 አድርጉ። አራት ወንዝ በአንድ ቁጥር ተለወጠ። በ«መስኖና ደረቅ»ም እንዲሁ 0.8 ጻፉ፤ እርሱ ከ«መስኖ» እንጂ ከ«ደረቅ» አይወርስምና።

ዊፕ የራሱ የሆነ የውሃ ዓመት ዘዴም አለው፤ ዓመታትን ከእጅግ ደረቅ እስከ እጅግ እርጥብ በአምስት ደረጃ ከፍሎ እናንተ በምትሰጡት ቅደም ተከተል ያስኬዳቸዋል። የተከታታይ ድርቅን ጫና ለመፈተሽ ከማባዣው የተሻለ ነው። ወጥመዱ ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ቀይራችሁ የወንዙ ፍሰት አሁንም ከፋይል የሚነበብ ከሆነ ምንም ነገር አይለወጥም። በዚያ ሲናሪዮ ውስጥ የወንዙን ፍሰት ወደ ውሃ ዓመት ዘዴ ማዞር አለባችሁ።

የእርሻውን ስፋት በ«መስኖ» ውስጥ ስታስገቡ የቆጋ መስኖን 7,000 ሄክታር አትንኩት፤ በመነሻው ገብቷል፣ ይወረሳል። ለአዲሱ መስኖ ሁለት ዓይነት ቀመር ይታሰባል። «ኢንተርፕ» በሁለት ዓመታት መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይዘረጋል፤ «ስቴፕ» ደግሞ እስከ ተባለው ዓመት ባለበት ቆይቶ በአንዴ ይዘላል። መስኖ የሚከፈተው በምዕራፍ በምዕራፍ ስለሆነ እኔ «ስቴፕ»ን እመርጣለሁ። ቀጥ ያለው መስመር ገና ቦይ ባልደረሰበት ዓመት ውሃ ያስጠይቃል፤ እጥረቱንም ከእውነተኛው ጊዜ አስቀድሞ ያሳያል።

በመነሻው ዓመት ያልነበረ ግድብ

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይቸገራል። በ2015 ሥራ ያልጀመረውን የርብ ግድብ በአንድ ሲናሪዮ ውስጥ ብቻ እንዲኖር ትፈልጋላችሁ፤ ሥዕሉ ግን ለሁሉም ሲናሪዮ አንድ ነው። መፍትሔው ግድቡን በሥዕሉ ላይ ስታስቀምጡ የሚወጣው መስኮት ውስጥ አለ። በከረንት አካውንትስ ይሠራል የሚለውን ራይት አጥፉት። ከዚያ ወደ «መስኖ» ተሻገሩና ለግድቡ የሥራ መጀመሪያ ዓመት ስጡት፤ ለልምምድ 2020 በሉት። ዓመት ባልተሰጠባቸው ሲናሪዮዎች ግድቡ በሥዕሉ ላይ ቢታይም ውሃ አይይዝም። ከግድቡ የሚጠጣው የእርሻ ቦታም እንዲሁ የራሱን ጅማሬ ይፈልጋል፤ ግድቡ በ2020 ከፍቶ እርሻው በ2016 ውሃ ከጠየቀ አራት ዓመት ሙሉ የሐሰት እጥረት ታያላችሁ።

ቅድሚያም በሲናሪዮ ሊለያይ ይችላል። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ከ1 እስከ 99 ቁጥር ይሰጣል፤ 1 ቀዳሚው ነው። በምሳሌያችን በለስን ውሃ እንደሚጠይቅ አንድ ተጠቃሚ አድርገን አስገብተነዋል፤ የሚወስደው ውሃ ወደ ጣና አይመለስም። የጢስ ዓባይን ደግሞ በወንዙ ውስጥ መቅረት እንዳለበት ዝቅተኛ ፍሰት። ፏፏቴው ከኃይል ማመንጫው ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው ከሞዴል ቀያሽ በላይ የሆነ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቅድሚያውን በ«ደረቅ» ውስጥ ደብቃችሁ አትቀይሩት። «ደረቅ፣ ፏፏቴ ቀዳሚ» የሚል ልጅ ፍጠሩና ምርጫው በስሙ ይታይ።

ማስላትና ማየት

ወደ ውጤት ገጹ፣ «ሪዘልትስ»፣ ስትሻገሩ መረጃ ተለውጦ ከሆነ ሶፍትዌሩ «ላስላ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚሰላው በ«ማኔጅ ሲናሪዮስ» ውስጥ ውጤቱ ይታይ ተብሎ ራይት የተደረገበት ሲናሪዮ ብቻ ነው። ሞዴላችሁ ከባድ ከሆነ የምትሠሩበትን አንዱንና ሬፈረንስን ብቻ ትታችሁ ሌላውን አጥፉ፤ ፍጥነቱ ይሻሻላል። አንድ ሲናሪዮ ከግራፉ ጠፋ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማየት ያለበትም ይህን ራይት ነው።

በውጤት ገጹ ከላይ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ትመርጣላችሁ። ያልተሟላ ፍላጎትን፣ «አንሜት ዲማንድ»ን፣ ምረጡ። በግራፉ የቀኝ ጎን የመግለጫው ዝርዝር ይገኛል፤ እዚያ ተጠቃሚዎቹ እንዲዘረዘሩ ወይም ሲናሪዮዎቹ እንዲዘረዘሩ ትወስናላችሁ። ሲናሪዮዎችን ስትመርጡ አራቱም በአንድ ግራፍ ይወጣሉ፤ ያኔ ተጠቃሚውን አንድ ብቻ፣ ለምሳሌ በለስን፣ ማድረግ ይሻላል። ወራቱንም ዓመታዊ ድምር አድርጉት። 25 ዓመት በወር ሲዘረጋ 300 ነጥብ ነው፤ አራት መስመር ተደራርቦ ምንም አይነበብም። አንዱን አስቸጋሪ ዓመት ከለያችሁ በኋላ ግን ወደ ወር ተመለሱ፤ የዓመት ድምር እጥረቱ በየትኛው ወር እንደደረሰ አያሳይምና።

ውጤቱን እንዳለ ከማየት በተጨማሪ ከአንድ ሲናሪዮ አንጻር ያለውን ልዩነት ብቻ ማሳየት ይቻላል። ለእኔ ዋናው ግራፍ ይህ ነው። ማነጻጸሪያውን ሬፈረንስ አድርጉት፤ የሬፈረንስ መስመር ዜሮ ላይ ይተኛል፣ ሌሎቹ ከእርሱ ስንት እንደራቁ ይታያል። የ«መስኖ»ና የ«ደረቅ» ልዩነቶች ተደምረው «መስኖና ደረቅ»ን እንደማይሰጡ በተደጋጋሚ ታገኙታላችሁ። ሐይቁ እያንዳንዱን ጫና ለብቻው ችሎ ሁለቱን በአንድ ላይ ላይችል ይችላል፤ ዛፉን በአራት የከፈልነው ይህ እንዲታይ ነው።

መለኪያውን በጥንቃቄ ምረጡ። ያልተሟላ ፍላጎት የጎደለውን መጠን በሜትር ኪዩብ ይነግራል። ሽፋን፣ «ከቨሬጅ»፣ ከተጠየቀው ስንት በመቶው እንደደረሰ። አስተማማኝነት፣ «ሪላያቢሊቲ»፣ ፍላጎቱ ሙሉ በሙሉ የተሟላባቸው ወራት ከሁሉም ወራት ስንት በመቶ እንደሆኑ። በሪፖርት ላይ የሚወደደው ሦስተኛው ነው፤ አንድ ቁጥር ስለሆነ። ግን ክብደቱን አያውቅም። በ300 ወራት ውስጥ 30 ወር የጎደለበት ተጠቃሚ አስተማማኝነቱ 90 በመቶ ነው፤ በእነዚያ ወራት 95 በመቶ ደርሶት ይሁን ጭራሽ ጠብታ ሳያገኝ፣ ቁጥሩ ያው 90 ነው። ለአርሶ አደሩ ግን አንዱ የተለመደ ዓመት ነው፣ ሌላው የጠፋ ሰብል። ሁልጊዜ ከሽፋኑ ጋር አብራችሁ አቅርቡት። ለጢስ ዓባይ ደግሞ የሚፈለገው በወንዝ ውስጥ የሚቀር ፍሰት ሽፋን ነው፤ ከተጠቃሚዎቹ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

የወደዳችሁትን ግራፍ ከ«ፌቨሪትስ» ሜኑ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት። የሚቀመጠው አቀማመጡ ነው፤ ቁጥሩ ሞዴሉ በተሰላ ቁጥር ይታደሳል። አራት አምስት ሲሆኑ «ሲናሪዮ ኤክስፕሎረር»ን ክፈቱ። በዚህ ገጽ ከላይ የመረጣችኋቸው ግቤቶች፣ ከታች ያስቀመጣችኋቸው ግራፎች አብረው ይወጣሉ። የፍሰት ማባዣውን ከላይ አምጡት። ስብሰባ ላይ «0.7 ቢሆንስ?» ለሚል ጥያቄ እዚያው ቁጥሩን ለውጣችሁ፣ አስልታችሁ፣ በለስንና ጢስ ዓባይን በአንድ ጊዜ ማሳየት ትችላላችሁ። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ከ«ኤሪያ» ሜኑ የሞዴሉን ቅጂ በማብራሪያ አስቀምጡ፤ በስብሰባ የተነካ ቁጥር ተረስቶ ይቀራል፣ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ያ ቅጂ ያስፈልጋል።

ሁለት መስመሮች ተደራርበው ሲገኙ

በጣም የሚያደናግረው ሁለት ሲናሪዮዎች ፍጹም አንድ መስመር ሲሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ቢደራረቡ አያስደንቅም፤ ሁሉም ከ2015 የሐይቅ ይዞታ ነው የሚነሡት፣ የጣና መጠንም ለውጡን ለጊዜው ይውጠዋል። እስከ 2040 ድረስ ከተደራረቡ ግን በቅደም ተከተል መርምሩ። ለውጡ በተባለው ሲናሪዮ ላይ መጻፉን በቀለሙ አረጋግጡ። የወንዙ ቀመር ማባዣውን በእርግጥ ይጠራው እንደሆነ እዩ። ከዚያ የወንዙን ፍሰት ራሱን በውጤት ገጹ አውጡ፤ ፍሰቱ ተለያይቶ ያልተሟላው ፍላጎት ካልተለያየ ሞዴሉ ልክ ነው፤ ውሃው ለሁለቱም ሁኔታ በቂ ነበር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ማባዣውን ከ0.8 ወደ 0.7፣ ከዚያ ወደ 0.6 እያወረዳችሁ አስሉ። መስመሮቹ መለያየት የሚጀምሩበትን ቁጥር መዝግቡና ከሪፖርቱ ሰንጠረዥ በፊት አስቀምጡት፤ ሐይቁ ምን ያህል ቅነሳ እንደሚችል የሚናገረው እርሱ ነው።